መርዶ ለ«ሸሪፉ» ቀባሪ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ራዲያ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዴት እንደከረምሽ ከደብዳቤሽ አይቼዋለሁ። የእማማ ዚነትን ነፍስ ይማር፤ እናንተ እንደምትሉት ደግሞ አላህ ይርሐማቸው። በዐይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ግን ወንድምሽ ፈረጅ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ እናቱ ሲያወራኝ ስለኖረ የራሴን ዘመድ ያጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነው። አንዲት ደንበኛ ኮረሪማ ስጠኝ ብላኝ በርበሬ መዝኜ ሰጠኋት።

ከስልክ ይልቅ ከመሥሪያ ቤትሽ ኮምፒውተር በመጻፍሽ ደግ አድርገሻል። ፈረጅ ከሥራ ሲወጣ እኔ ዘንድ ነው የሚያመሸው፤ ብትደውይልኝ ኖሮ አጠገቤ ተቀምጦ ሊሰማ ይችል ነበር።

ያልሽኝን አደርጋለሁ። እናትህ ሞተች ብሎ በስልክ የሚነግረው ሰው አይኖርም። እዚህም ወጉ አልጠፋም፤ አምስት ስድስት ሆነን፣ ሼህ ሙዳሲርን ይዘን፣ ሥራ ሳይወጣ በጠዋት በሩን እናንኳኳለን። ይኸን ከዚህ በፊት አራት ጊዜ አድርጌዋለሁ። የፌርፋክስ መርዶ ነጋሪ እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ሰው በጠዋት በሩ ላይ እኔን ሲያይ ደስ አይለውም።

ግን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ስለ ቴሌቪዥኑ ምን ያህል እንደነገረሽ አላውቅም፤ እሱ የራሱን ነገር አሳንሶ ነው የሚያወራው። ልጄ ማዕዶት ለፊልም ሰው በሚመለምል ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የካውቦይ ኮሜዲ ሊሠሩ ነው፣ ሁለት ፈረስ የተጠመደበት ጋሪ የሚነዳ ሰው ፈለጉ። በዚህ ሁሉ ከተማ ፈረስ የሚነዳ ጠፋ። ማዕዶት «ጋሼ ፈረጅ ልጅ እያለ ኮምቦልቻ ጋሪ ይነዳ አልነበር?» አለች። ሆሊውድ ከሚሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። ፈረሶቹን በአማርኛ እየተቆጣ ሲነዳ ዳይሬክተሩ ወደደው። ሶ፣ የአንድ ቀን የተባለው ሥራ የየሳምንት ሆነ፤ አሁን የከተማዋ ቀባሪ ሆኖ ነው የሚሠራው።

ፕሮግራሙ የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ «ሸሪፉ» ነው የምንለው። አንዲት አቧራማ ከተማ አለች፣ የተሾመ ሸሪፍ ሁሉ ፈርቶ ይሸሻል። ቀኑን ሙሉ ይታኮሳሉ፤ ጥይቱ ግን የሚመታው ባርኔጣና ጠርሙስ ነው እንጂ ሰው አይሞትም። ስለዚህ ቀባሪው ሥራ የለውም። ፈረጅ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ወደ ከተማዋ የገባውን ሁሉ ከራሱ እስከ እግሩ ያየዋል። ከዚያ በዚያ በረጋ ድምፁ «አልቸኩልም» ይላል። ንግግሩ ይኸው ነው፤ ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

ስምንት ክፍል ታዟል፤ የመጀመሪያው ባለፈው ሐሙስ ታየ። ሦስቱ ገና አልተቀረጹም። አሁን ብንነግረው ጥሎ ይሄዳል፣ ቦታውን ለሌላ ይሰጡበታል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው ራዲያ። ሃያ ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ኖሮ ነው ይኸን ያገኘው። ሦስት ሳምንት ስጪኝ፤ ቀረጻው ሲያልቅ እነግረዋለሁ።

አንድ ያጽናናኝ ነገር አለ። አስቀድሞ የላከላችሁን የመጀመሪያውን ክፍል እማማ አይተው እንደሳቁ ነግረሽው ኖሮ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ነው የሰነበተው። እንኳን አዩት።

ወንድምሽ፣ መክብብ


ደሴ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ መክብብ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለማዕዶትና ወንድሜን ለምታኖሩልኝ ሁሉ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብቻዬን የምወስነው ስላልነበረ አጎቶቼን ሰብስቤ ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ስለ ቀባሪው የጻፉት ላይ ስደርስ ታላቁ አጎቴ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ አፈረና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

በምን እንዳረፈች ልንገርዎት፤ ልቧ ነው የደከመው። ማክሰኞ ጥቅምት አራት ከዙህር ሰላት በኋላ አረፈች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት። እኔና ልጄ ዩስራ አጠገቧ ነበርን፤ ብዙ አልተሠቃየችም።

አጎቶቼ ሦስት ሳምንቱን ፈቅደውልዎታል። እኔም እሺ ብያለሁ፣ ልቤ ግን እሺ አላለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ከሚተርፉለት ጥቂት ነገሮች አንዱ ልጁ የሚያደርግለት ዱዓ ነው። እናቴ ወንድ ልጇ እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዛሬም ዕድሜዋን አርዝምልኝ እያለ ነው የሚለምንላት። ምሕረት የምለምንላት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ከእሷ የሰረቅኩ ይመስለኛል።

አርብ አርብ ማታ ይደውላል። የመጀመሪያውን አርብ ተኝታለች አልኩት። ባለፈው አርብ ለዚያራ፣ ሼሆች ልትጎበኝ ገጠር ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አልኩት። «በዚህ ጉልበቷ?» አለኝ። ጎረቤት በበቅሎ ወሰዳት አልኩት። የሌለ በቅሎ ፈጠርኩ ጋሼ። መልኳን ቢጠይቀኝ ዳማ ናት አልኩት።

አርባዋ ኅዳር 13 ቅዳሜ ነው፤ ሰደቃዋን ያን ቀን እናወጣለን። ልጇ ከዚያ በፊት አውቆ፣ እኛ እዚህ እጃችንን ስንዘረጋ እሱም እዚያ ይዘርጋ። ከዚህ ሌላ የምለምንዎት የለም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ያነሡትን ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ራዲያ


ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ራዲያ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የበቅሎዋን ነገር አንብቤ ሳቅኩ፤ ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። እዚህ ያለነውም ከአንቺ አንሻልም። ትናንት ፈረጅ ሁለት ሹራብ ይዞ ሱቅ መጣ። ደሴ አሁን ብርድ ነው፣ ለእማዬ የትኛው ይሁን ብሎ እንድመርጥለት ጠየቀኝ። ቀዩ ይሻላል አልኩት። ምን ልበለው? ግራጫውን ሊመልስ ሄደ።

ሐሙስ ሐሙስ ምን እንደምናደርግ ልንገርሽ። እትዬ አበባ ሬስቶራንቷ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ድሮ ኳስ ብቻ ነበር የሚታይበት። አሁን ሐሙስ ማታ ኳስ የሚባል የለም። ከክሬንሾው የሚመጣ አለ፤ ግዛው ከቶራንስ ከሥራው ወጥቶ በዚያ ትራፊክ ከአንድ ሰዓት በላይ ድራይቭ አድርጎ ይመጣል። ፈረጅ አብሮን አይቀመጥም፤ ወጥ ቤቱ በር ጋ ቆሞ ነው የሚያየው። ዋናው አክተር ሲያወራ ሰው የራሱን ወሬ ያወራል፤ ቀባሪው ብቅ ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወንበዴ ከፈረስ ወደቀና ሞተ ተባለ። ፈረጅ የኮቱን አቧራ አራገፈ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ሰውየውን ለካው፣ ልኩን ወረቀት ላይ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ሰውየው ተነሥቶ ውስኪ ጠየቀ። ፈረጅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «አልቸኩልም» አለ። እትዬ አበባ ከሳቋ ብዛት ትሪ ጣለች። እኔ ዞር ብዬ ወንድምሽ የቆመበትን አየሁና መሳቅ አቃተኝ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ዋናው አክተር እግሩን ወለም ብሎት ቀረጻው ተራዝሟል። እስከ ኅዳር ሃያ አያልቅም እያሉ ነው፤ ከአርባው ያልፋል ማለት ነው። ራዲያ፣ ለእኔ ስትይ አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ። ሲያውቅ የሃምሳውንም የስልሳውንም ዱዓ ያደርጋል፤ እግዚአብሔር ቀን አይቆጥርም።

እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ፣ ለእሱ ብዬ ብቻ አይደለም የምለምንሽ። ስንት ዓመት እዚህ ኖረን የእኛን ሰው ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ማራቶን ሲሮጥ ነው። ሰው ሲያስቅ አይተን አናውቅም ነበር። ሐሙስን ወድጄዋለሁ። ያን ደስታ በገዛ እጄ ማጥፋት ከበደኝ። ይኸን ለልጄም አልነገርኳትም።

መክብብ


ደሴ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ መክብብ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። የጠየቁኝን ሳምንት ግን አልሰጥዎትም።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ትናንት አርብ ደወለ። እማዬ አልተመለሰችም ስለው፣ «እንግዲያው ስትመለስ አንድ ነገር ንገሪልኝ» አለኝ። «አሥራ አንድ ዓመት በየዓመቱ እመጣለሁ እያልኩ ዋሽቻታለሁ። አሁን ይኸ ቀረጻ ሲያልቅ የምር እመጣለሁ። እስከዚያው ግን አውፍ ትበለኝ» አለኝ። ስልኩን ለዩስራ ሰጥቼ ጓዳ ገባሁ። ልጅቷም አልቻለችም፤ ኔትወርኩ ተበላሸ ብላ ዘጋችበት።

እርስዎ እዚያ ሲያስቅ ነው የሚያዩት፤ እኔ እዚህ ሲለምን ነው የምሰማው። ይቅር በይኝ ብሎ የሚለምናት ሰው እኮ የለችም። ቴሌቪዥኑ ይቅርበት። ሌላ ሰው ሜትሩን አንጠልጥሎ ይቁም። ወንድሜ እናቱን ይወቅ።

ከኅዳር 13 በፊት።

ራዲያ


ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ራዲያ፣

ሰላምታውን ለዛሬ ተይልኝ። ያደረግኩትን አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ሰላም ካልሽኝ ያኔ እቀበላለሁ።

ትናንት ማታ ማዕዶት ስልኳን እያየች «አባዬ፣ ሸሪፉ ካንስል ተደረገ» አለችኝ። አራቱ ከታዩ በኋላ የሚያየው ሰው ትንሽ ነው ብለው አቆሙት፤ ቀረጻውም ቀረ። ለካ ከፌርፋክስ ውጪ ተመልካች አልነበረውም። ለፈረጅ ገና አልተደወለለትም። እኔ ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ግልግል ነው የተሰማኝ። ምክንያት የምለው አለቀ። ያኔውኑ ለሰዎቹ ደወልኩ፣ ነገ ጠዋት ነው አልኳቸው።

የፈረጅ ሰፈር መንገድ ማክሰኞ ጠዋት ስለሚጠረግ ፓርክ ማድረግ አይቻልም። ይኸን ረስተን መርዶ ልንነግር ሄደን ፓርኪንግ ስንፈልግ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ግዛው ያንኑ ብሎክ ሦስት ጊዜ ዞረው። እትዬ አበባ የለቅሶ ቤቱን ወጥ በድስት በድስት አድርጋ መኪናዋ ውስጥ ሸፍናዋለች። ብልሁ ሼህ ሙዳሲር ናቸው፤ ሱብሒ ሰግደው በእግራቸው ቀድመውን ቆመው ጠበቁን።

አንኳኳሁ። የሥራ ጃኬቱን ለብሶ ከፈተ። ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። እኔ ነበርኩ መናገር ያለብኝ፤ አራት ጊዜ የነገርኩ ሰው ዞሬ ሼህ ሙዳሲርን አየሁ። «እማዬ ናት» አለ። ሲጠይቅ አይደለም፣ ዝም ብሎ ነው ያለው። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ እግሬን ያዘ። ያንን ሰውዬ፣ ማንንም ለምኖ የማያውቀውን ሰውዬ፣ እግሬ ሥር ሳየው አልቻልኩም። «ኧረ ተው ፈረጅ፣ ተነሣ» አልኩት። «ሸሪፉ ነው። ሸሪፉን ካንስል አድርገውታል። ልናጽናናህ ነው የመጣነው።»

 ግዛው ጀርባውን ሰጠን። ፈረጅ መሬት ላይ እንዳለ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሼኩን አየ፤ ሼኩን ሲያይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። «ሸሪፉ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩ። «አልሐምዱሊላህ። ታዲያ በር ላይ ምን ያቆማችኋል፣ ግቡ እንጂ» አለን።

ገባን። እሱ ውዱእ አድርጎ ሁለት ረከዓ ሰገደ። ለምስጋና መሆኑ ነው አልኩ በልቤ። ሲጨርስ ሼህ ሙዳሲርን «ዱዓ ያድርጉልኝ» አላቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ አሚን ይላል። እትዬ አበባ ድስቶቹን አስገብታ ቁርስ ነው አለች። የእናቱን ለቅሶ ወጥ ቁርስ ነው ብለን በላነው ራዲያ። ፈረጅ ተነሥቶ እኔን አጎረሰኝ። «ስለ አንድ ፕሮግራም ይኸን ያህል ትጨነቃላችሁ?» እያለ ይስቃል።

ከወጣን በኋላ ሼህ ሙዳሲር «ለዛሬው ሁለታችንም አላህ ፊት እንጠየቃለን» ብለውኝ ሄዱ። እትዬ አበባ እስካሁን አላናገረችኝም። በውሸቴ ደስ ያለውን ሰው ሁለተኛ ሄጄ እንዴት ብዬ እንደምሰብረው አላውቅም። ምን እንደማደርግ ንገሪኝ። የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ነኝ፤ እንደ ልጅ ግራ ገብቶኛል።

መክብብ


ደሴ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ መክብብ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይኸውልዎት ብያለሁ።

ደብዳቤዎን ባነበብኩ ዕለት በጣም ተቆጥቼ ጻፍኩልዎና ሰረዝኩት። በማግስቱ ሌላ ጽፌ እሱንም ሰረዝኩት። ቁጣዬ ለምን ቶሎ እንዳለቀ እኔ ነኝ የማውቀው። እኔም ነገ ነገ እያልኩ ያሳለፍኩት አንድ ነገር አለኝና በእርስዎ ለመፍረድ አፍ የለኝም።

አርብ ደወለ። ፕሮግራሙ መቅረቱን እንደ ቀላል ነገር ነገረኝ። ስለ እማዬ ግን አንድም አልጠየቀኝም። ከሄደ ጀምሮ ስለ እሷ ሳይጠይቅ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። ስለ እኔ ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ እየበላሽ ነው ወይ፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ፣ ድምፅሽ ለምን ተዘጋ እያለ። ስላልጠየቀኝ መዋሸት አላስፈለገኝም፤ እፎይ አልኩ፤ እፎይ በማለቴ ደግሞ አፈርኩ።

ሰው አይሰብስቡ። ብቻዎን ይሂዱ። እስከ ሐሙስ ካልነገሩት አርብ ሲደውል እኔ በስልክ እነግረዋለሁ። ብቻውን ሆኖ፣ የሚይዘው ሰው ሳይኖር እንዲሰማ አልፈልግም ነበር። ሌላ መንገድ ካጣሁ ግን አደርገዋለሁ።

ራዲያ


ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ራዲያ፣

ሰላም ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሱቁን ለማዕዶት ትቼ ትናንት ቀን በሜትሮ ሆሊውድ ሄድኩ። ፈረጅ የሆቴሉ በር ላይ ከአንዲት ሴትዮ የመኪና ቁልፍ እየተቀበለ ነበር። ሲያየኝ ቁልፉን ለባልደረባው ሰጠና ቁልፍ ወደሚሰቅሉባት ትንሽ ክፍል አስገባኝ። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ እኔን አስቀመጠኝ። «ፈረጅ፣ ያን ጠዋት ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ለቴሌቪዥን ብሎ ሼህ ይዞ የሚመጣ ሰው የት አለ?»

ያን ጠዋት አውቆ ነበር ራዲያ። መሬት ላይ እንዳለ ሼኩን ቀና ብሎ ሲያይ ነው የገባው። የሰገደውም ለእሷ ነው፤ ዱዓውንም ያስደረገው ለእሷ ነው፤ አሚን ሲል የነበረው ለእሷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሰላቱ ምሕረት ሲለምንላት ከርሟል። ከአርባው አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ አውቋል፤ ስለዚህ ያ የጨነቀሽ ነገር ከልብሽ ይውጣ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «እርስዎ ሲንቀጠቀጡ አየሁ» አለኝ። «ሁላችሁም ለእኔ ብላችሁ ስንት ቀን ተሸክማችሁት ኖራችኋል። አልቻልንም ስትሉ ደግሞ እኔ ልያዘው ብዬ ነው። ራዲያም ራሷ መንገር እስክትችል ልጠብቃት ብዬ ነው፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም።» እኔ አለቀስኩ። ልነግረው የሄድኩት ሰውዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ትከሻዬን ይዞ ያባብለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባው ገብቶ ሁለታችንን ሲያይ ስለ ፕሮግራሙ መስሎት «ሌላ ሾው ታገኛለህ፣ አይዞህ» አለው። ፈረጅ አመሰገነው።

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ለቅሶው እትዬ አበባ ጋ፣ ከሬስቶራንቱ ኋላ ባለው ፓርኪንግ ተቀምጠናል። ወንበር ያልያዘ ሰው ቆሟል። እትዬ አበባም አናግራኛለች። ወንድምሽ ሰው ሲመጣ ይነሣል፣ ሲሄድ ያመሰግናል፣ በልታችኋል ወይ ይላል። ግን አላለቀሰም። አንድ እንባ አላየሁበትም። ይኸ ነው አሁን የሚያስፈራኝ። ነገ ሲደውልልሽ ምንም አትደብቂው። ከእኛ ከሁላችን የቀረው ያንቺ ቃል ነው።

መክብብ


ደሴ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ መክብብ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለሼህ ሙዳሲር፣ ለእትዬ አበባና አብረውት ለተቀመጡት ሁሉ። ሰደቃው በሰላም ወጣ፤ ሰዉ ግቢው አልበቃው ብሎ መንገድ ላይ አነጠፍን። የእርስዎንም ስም ጠርተን ዱዓ አድርገናል።

አርብ ማታ ደወለ። እኔ ስጀምር «አውቃለሁ እህቴ፣ ይልቅ ሁሉንም ንገሪኝ» አለኝ። ሁለት ሰዓት አወራን። ገላዋን ማን እንዳጠበ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከፈኑን ማን እንደገዛ፣ ጀናዛዋን ማን ማን እንደተሸከመ፣ ከአባቴ ቀብር ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የመጨረሻውን ሰዓት ጠየቀኝ። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርታ፣ «ፈረጅን ሐቄን ሁሉ አውፍ ብየዋለሁ በሉት፣ አላህ ይውደደው» ብላ እንደሞተች ነገርኩት።

«ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው» አለኝ።

ወላሂ ብዬ ማልኩለት። አላመነኝም ጋሼ። አምስት ሳምንት ስዋሸው የኖርኩ እኔን፣ ዚያራና በቅሎ የፈጠርኩ እኔን፣ ምን ብሎ ይመነኝ? ያ ቃል እናቴ በዐደራ ያስቀመጠችልኝ ቃል ነበር፤ በእኔ ውሸት ምክንያት እጄ ላይ ሊቀር ሆነ።

ከዚያ «ያን የላክሁትን ቪዲዮስ?» አለኝ። «አይታ ስቃለች ብለሽኝ ነበር።»

እርስዎም በመጀመሪያው ደብዳቤዎ እንኳን አዩት ብለውኝ፣ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብዬ ያለፍኩት ይኸን ነው። ቪዲዮው የደረሰን እሷ ከማረፏ ከስድስት ቀን በፊት ነው። ዩስራ ስልኩን ይዛ ስትሮጥ እኔ ነኝ የከለከልኳት። አሁን ደክማለች፣ ነገ ሲሻላት ቀና አድርገን እናሳያታለን አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ስድስት ቀን ነገ አልኩ። እሱ በደወለ ጊዜ ግን ከእፍረቴ የተነሣ አይታ ሳቀች አልኩት። ይኸን ለባሌም አልተናገርኩም። ሌላ ምንም ባላወጣ ይኸን ውሸት ልተውለት ብዬ አስቤ ነበር፤ ማንን ይጎዳል ብዬ። በሕይወቱ የደከመበት አንድ ነገር ነው፣ እናቱ አይታዋለች ብሎ ይኑር ብዬ።

«አላየችም» አልኩት። «እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ሳታይህ ሞተች።»

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስሙን ጠራሁ። ከዚያ ትንፋሹን ሰማሁ።

«ይኸን ከነገርሽኝ» አለኝ፣ «አውፍ ማለቷም እውነት ነው።»

ያኔ ነው ያለቀሰው።

እህትዎ ራዲያ